እቴቴ፣ አውራ ዶሮው እና የዓሣው ክርክር

ነሐሴ ላይ ባሕር ዳርን የሚያስተዳድረው ሰማዩ ነው። ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ እማዬ ልብስ ታሰጣለች። ከምሳ በኋላ በጣና በኩል ጥቁር ደመና ብቅ ሲል ሰፈሩ በሙሉ "ልብስ! ልብስ!" እያለ ይሯሯጣል። ዘንባባ በተተከለበት ዋና መንገድ ባጃጆች ሸራቸውን ያወርዳሉ። ብስክሌት ነጂው ደግሞ አንድ እጁን ለመሪው፣ አንድ እጁን ለጃንጥላው ሰጥቶ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ጥበብ ሌላ ከተማ ላይ አላየሁም።

ሐይቁም በዚህ ወር ፖስት ካርድ ላይ ያለውን ሰማያዊ ጣና አይመስልም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የየአገራቸውን አፈር ጠራርገው ስለሚያስገቡበት ወተት የበዛበት ሻይ ነው የሚመስለው። (በጾም ወተት ማንሣቴ ነው። እለፉኝ።)

ጾሙ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፣ በ16 ይፈታል። ዐቢይ ጾምን ቀና ብለው የማያዩት ልጆች እንኳ ይህችን አይለቋትም። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ የወንድሜ ልጆች የሚከርሙት እኛ ቤት ነው። ሚጣና ማሙሽ እንበላቸው፤ ሲያድጉ ጽሑፉን አግኝተው እንዳይከሱኝ። ሚጣ "ቅዳሴ እስኪወጣ እህል በአፌ አይዞርም" ብላ ወስናለች፣ ደግሞም አደረገችው። ማሙሽ በየሰዓቱ ጾም ይጀምራል፣ በየሰዓቱ ይፈታል።

እቴቴ የመጣችው እሑድ ዕለት ነው። የእማዬ ታላቅ እህት ናት፣ አገሯ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ምንጩ ካለበት። በዚህ ዘመን መንገዱ ክፍት ሆኖ ከገጠር ዘመድ መምጣቱ ራሱ የምሥራች ነው። እማዬ ስልኩን እንደዘጋች እልልታዋን አቅልጣው ጎረቤት "ማን ወለደ?" ብሎ መጣ።

መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከመኪናው መጀመሪያ የወረደው አንድ ማዳበሪያ ድንች ነው። ቀጥሎ ጌሾ። ቀጥሎ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ለጾም መፍቻ። ቀጥሎ እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ። መጨረሻ ላይ እቴቴ።

"ደኅና ነሽ? እናትሽ ደኅና ናት? አባትሽ ደኅና ነው? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ከብቱስ ደኅና ነው?"

ከብት የለንም። ግን "ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት። የእቴቴ ሰላምታ መሀል ላይ አይቋረጥም።

ባጃጁ ውስጥ እኔ፣ እቴቴ፣ ድንቹና ዶሮው ተጨናንቀን ገባን። ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየንና "ዶሮውም ሒሳብ አለበት" ብሎ ቀለደ። እቴቴ ቀልድ መሆኑን ብታውቅም አለፈቻት አይባልም።

"እስከ ቅዳሜ ለሚኖር ፍጡር ምን ሒሳብ ትለኛለህ!"

ክርክሩ የተጀመረው በማግስቱ ነው። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። ዕድሜውን የጨረሰው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ጸጥታ አይወድም፤ የዓሣ አስጋሪዎቹ ጫጫታ የሚስማማው ለዚያ ነው። ሰኞ ሲመለስ መሪው ላይ በገመድ የተሰካኩ ቆሮሶዎች ተንጠልጥለዋል። ገና ጅራታቸው እርጥብ ነው። እቴቴ በረንዳ ላይ ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ዓሣ ነው እትዬ። ዛሬ ጠዋት የወጣ፣ ትኩስ!"

"በፍልሰታ?"

"ዓሣ እኮ የጾም ነው።"

"ማን አለ?"

አባዬ ይህን ጥያቄ የሚጠብቅ ሰው ነው። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ጉሮሮውን ጠረገ። "ጌታችን ሕዝቡን ያበላው በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አይደለም?"

"ጾም ላይ ነበሩ?"

"እሺ፣ ቅዱስ ጴጥሮስስ ዓሣ አጥማጅ አልነበረም?"

"ነበር። መረቡን ጥሎት ነዋ የተከተለው!"

አባዬ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር ላይ የጴጥሮስን ነገር ሲያነሣ ይህን መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ "ለማንኛውም ዓሣ ደም የለውም" አለ፣ ድምፁ ግን ወርዷል።

"አለው አባባ" አለች ሚጣ። "እማማ ስትከፍተው አይቻለሁ።"

እማዬ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ናት። አትበላም፣ ግን ትጠብሳለች። ለዓሣው የተለየ መጥበሻ አላት፣ የተለየ ቢላዋ አላት፣ የተለየ ማንኪያም አላት። "እኔ እጠብሳለሁ እንጂ አልፈርድም" ትላለች። የአባዬም ሕግ ቢሆን ልቅ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ዓሣ በአፉ አይገባም፣ ዐቢይ ጾም ላይም አይሞክራትም። ለፍልሰታ ነው ልቡ የሚራራው። አንድ ቀን "የንስሐ አባታችንን ለምን አትጠይቅም?" ብዬው "መልሱን ስለማውቀው" አለኝ።

ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ጾም ሲገባ የባሕር ዳር ምግብ ቤቶች ከበያይነቱ ጎን ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ለብለብ፣ ዓሣ ኮተሌት ብለው ይለጥፋሉ። ግማሹ ሰው ይበላል፣ ግማሹ ያማትባል። የሚበላውና የሚያማትበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ዓሣ አዝዘው፣ ሒሳቡን ለመክፈል እየተጣሉ ይወጣሉ።

እኛ ቤት ደግሞ ሰው የሚዋደደው በክርክር ነው። አባዬ የፎገራ ሰው ነው፣ እማዬ የጎጃም። ሲጋቡ የጀመሩትን ጨዋታ እስካሁን አልጨረሱም። የማን አገር ጤፍ ይሻላል፣ ሽሮ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ስንት ይገባል፣ በር የቆለፈው ማን ነው። ቤታችን ጸጥ ካለ ሰው ታሟል ማለት ነው። እቴቴ ስትመጣ ያልወደድኩት ነገር ቢኖር የእማዬ ወገን በጣም መጠንከሩ ነው። ሚዛኑ ተዛባ። አባዬ ግን ደስ ብሎታል፤ ተከራካሪ አግኝቷል። እንዲያውም ማታ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ለነገ የሚሆነውን ነጥብ ሲያስብ አየው ነበር።

ዶሮው ጓሮ ሮቶው ሥር ታሰረ። መጀመሪያ ሰሞን ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ ሌሊት መብራት ሄደ። በዝናብ ወር መብራት ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲመጣ ይመጣል፣ ጠያቂ የለውም። ስምንት ሰዓት ላይ በድንገት ሲመጣ የጓሮው አምፖል ቦግ አለ። ዶሮው ነጋ ብሎ አስተጋባው። አባዬ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ስልኮቹን ቻርጅ ሰካ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። እማዬ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋገረች፣ መብራት በመጣበት ሰዓት ማለት ነው። ማሙሽ "አላርም" የሚል ስም አወጣለት። ስም የወጣለት ዶሮ ደግሞ ነገር ያመጣል። ይህን እቴቴ ብቻ ነች ቀድማ የገባት። "ስም አታውጡለት፣ ኋላ ትቸገራላችሁ" ስትል ሰማኋት፣ ሰሚ ግን አልነበራትም። ሚጣ ከኪሷ ጥሬ ማሽላ እያወጣች ታበላዋለች። ማሙሽ በየጠዋቱ "አላርም፣ ደኅና አደርክ?" ይለዋል።

ማክሰኞ የቡሄ ዋዜማ ነበር፣ ነሐሴ 12። ችቦው ረጥቦ አልቀጣጠልም ስላለ አባዬ ነጭ ጋዝ አርከፍክፎበት ነው ያነደደው። እማዬና እቴቴ ሙልሙል ሲጋግሩ ቤቱ የኮባ ቅጠል ሸተተ። የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ መጡና "ሆያ ሆዬ" አሉ። አባዬ ሙልሙል ሲሰጣቸው ትልቁ ልጅ በትሕትና "ጋሼ፣ ቴሌብርም ይቻላል" ብሎ በካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር አሳየው። አባዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ላከላቸው። የተቀየረ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ምርቃቱ ግን እንደ ድሮው ረጅም ነው።

ያን ቀን ያየሁት ትልቁ ነገር ግን ጅራፉ ነው። ማሙሽ ከሲባጎ የተገመደ ጅራፍ ተገዝቶለት ጓሮ ሲታገል ዋለ። ሲያዞረው እግሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ሲፈታው ጆሮው ላይ ያርፋል። እቴቴ ከበረንዳው አይታ አይታ ትዕግሥቷ አለቀ። ነጠላዋን በወገቧ አሸነፈጠች። ጫማዋን አወለቀች። "ወዲህ በለኝ" አለችው። ጅራፉን በግራ እጇ ጫፉን አበጥራ ያዘች፣ ጭቃው ላይ ሁለት እግሯን ተከለች፣ በራሷ ላይ ቀስ ብላ አዞረችው። ከዚያ ክንዷ በድንገት ወደ ኋላ ተመለሰ።

ጧ!

የጎረቤት ውሻ አጥር ሥር ገባ። አላርም ጮኸ። ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብለው "በስመ አብ!" አሉ። ማሙሽ እቴቴን የሚያየው በሌላ ዓይን ሆነ። "ልጅ ሆኜ ከብት ጠባቂ ነበርኩ፣ ምን ይገርማችኋል" አለችና ጫማዋን ፈልጋ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ትከሻዋን ለሁለት ቀን አሟት እማዬ በቅባት ስታሻት ነበር። ለልጆቹ እንዳልናገር ተማጽናኛለች፤ ለእናንተ ግን አላለችም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ምሽት ዝናቡ ቶሎ ስላባራ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሄድን። ግንቦት 2016 ላይ የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው። የከተማው ሰው ምሽት ላይ ንፋስ መቀበያ አድርጎታል፤ ፎቶ የሚነሣ፣ የሚተጫጭ፣ ልጁን ብስክሌት የሚያለማምድ። ማሙሽ ውሃው ውስጥ ያየውን ድንጋይ ሁሉ "ጉማሬ!" እያለ አደከመን። እቴቴ መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሞልቶ ይወርዳል። ብዙ ሳትናገር ቆየች። ከዚያ፣

"ይኼ ሁሉ የእኛ ውሃ ነው" አለች።

አባዬ መቼ ሊተዋት። "ከጣና ነው የሚወጣው እትዬ።"

"ጣናስ ከየት አመጣው?"

"ጉማራ አለ። ርብ አለ። መገጭ አለ።"

"ከሁሉም ማን ይበልጣል?"

አባዬ ዝም አለ፤ ምክንያቱም ይበልጣል። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ ነው፣ እሱም የሚነሣው ከእነ እቴቴ አገር። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም። "ዓባይ እኮ ከጣና ጋር አይቀላቀልም። ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው" አለች። ይህን እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው ነው።

"ሁሉም ቡናማ ሆኖ በምን ለይተው ነው የሚያውቁት?" አላት አባዬ።

"ልጁን የማያውቅ አለ?"

አባዬ ቁጥር ውስጥ ገብቶ ተሸሸገ። ጣና ላይ ማንም አይችለውም፤ 37 ደሴቶች እንዳሉት፣ ጥልቀቱ የትም ብትሄድ ከ15 ሜትር እንደማያልፍ፣ ስፋቱ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ነገራት። እቴቴ ለካሬ ኪሎ ሜትር ግድ የላትም። "በጥማድ ስንት ይሆናል?" አለች።

አባዬ ስልኩን አወጣ። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነው ብሎ ጀመረ። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሦስት መቶ ሺህ ሄክታር። አባዛው። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገ። "አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ጥማድ።"

እቴቴ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። "ይኼን ሁሉ መሬት ውሃ ተኝቶበት!"

እስክንመለስ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም። ጤፍ ቢዘራበት፣ ዳጉሳ ቢዘራበት፣ ድንች ብቻ እንኳ ቢተከልበት። አባዬ "ፎገራ ላይ እኮ ውሃው ሜዳ ላይ ሲተኛ ሩዝ ነው የምናበቅልበት" ብሎ አንድ ነጥብ አስቆጠረ። ያቺን ነጥብ ማንም አልነፈገውም።

ሐሙስ የእኔ ቀን ነበረች። ከሥራ ወጥቼ ከጓደኞቼ ጋር ሐይቁ ዳር ተገናኘን። ነሐሴ ላይ እዚያ መሄድ ማለት በቆሎ እሸት መብላት ማለት ነው። የሜጫ በቆሎ የሚደርስበት ወር ስለሆነ በየማዕዘኑ አንዲት ሴት፣ አንድ ከሰል ምድጃ፣ አንድ ትልቅ ጃንጥላ አለ። እኛ የምንገዛላት ሴትዮ ማራገቢያዋ የብስኩት ካርቶን ክዳን ነው። በቆሎውን ከሰሉ ላይ ታንከባልለዋለች፣ ሲፈነዳ ፊቷን ትመልሳለች፣ ጎኑ ጠቆር ሲል በገዛ ልጣጩ ጠቅልላ ትሰጣለች። ብዙ የሚጠቁርበትን የምወድ እኔ ነኝ። እሷም ታውቀኛለች፤ "ያንቺ ትንሽ ይቆይ" ትለኛለች።

አንደኛዋ ጓደኛችን ባሕር ዳር ተወልዳ፣ ባሕር ዳር አድጋ፣ ብስክሌት መንዳት አትችልም። ይህ በእኛ ከተማ የሚደበቅ ነገር ነው። ዘንድሮ እጮኛዋ ነጂ ሆኖ ተገኘና እንዳታፍር ልትማር ቆረጠች። እኛ ከኋላ ኮርቻውን ይዘን እንሮጣለን፣ እሷ ከፊት "እንዳትለቁኝ!" እያለች ትጮኻለች። ለቀቅናት። ቀጥ ብላ፣ እጅግ ቀጥ ብላ ሄደች፣ መዞር ስላልተማረች። ያስቆማት የሴትዮዋ በቆሎ ክምር ነው። ማንም አልተጎዳም፣ ከበቆሎው በቀር። የተበተነውን ለቅመን፣ ጭቃ የነካውን በሙሉ ገዝተን፣ ዝናብ ሲጀምር ሁላችንም በዚያች አንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋጋን። ሴትዮዋ እየሳቀች "ሁልጊዜ ብትወድቂ ሀብታም በሆንኩ" አለቻት። እጮኛው ይህን አልሰማም። እንዳይሰማም ተማምለናል።

ዓርብ ጠዋት አባዬ እቴቴን አስጋሪ ወዳጆቹ ጋ ወሰዳት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ ምስክር ሊያቆምባት ነው። ዓርብ ስለሆነ ለመብላት ሳይሆን ለማየት ብቻ። የደንገል ታንኳዎቹ ውሃ ጠግበው ከብደው ስለነበር ሰዎቹ ዳር አውጥተው አቁመዋቸዋል፣ እንዲደርቁ። አንድ ሸምገል ያሉ አስጋሪ መረብ እየጠገኑ ስለ ዓሣው አጫወቷት። ነጭ ዓሣ የሚባለው በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ሽቅብ እየዋኘ ይወጣል፣ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚጥል ሰው የሚቀጥለውን ዘመን ዓሣ ነው አብሮ የሚያወጣው። ስለዚህ በዚህ ወቅት እዚያ ማስገር ነውር ነው አሏት።

አባዬ ምስክሩ ለማን እንደሚመሰክር ሳያጣራ ነበር ያቀረበው። እቴቴ ዞር አለችበት።

"ሰማህ? እኛ አገር ልትወልድ የምትመጣ እርጉዝ ነው የምትበላው!"

"እኔ የበላሁት ቆሮሶ ነው እትዬ! ቆሮሶ ወንዝ አይወጣም፣ እዚሁ ዳር ነው የሚራባ!" አስጋሪውም "እውነቱን ነው" አሉ። እቴቴ ነገሩን ትንሽ አመዛዝና "እንግዲያው ሥጋ መሆኑ ብቻ ነው የቀረው" አለች።

ማታ ቤት ስንደርስ እማዬ ቢላዋ እያሳለች ነው። ሽንኩርቱ ተከትፏል። በርበሬው ወጥቷል። የእቴቴ ቅቤ ተነጥሯል። የቀረው አንድ ነገር ነው፣ እሱም ሮቶው ሥር ቆሟል። ከፊቱ ደግሞ ማሙሽ፣ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጅራፉን ይዞ።

"አላርምን የነካ ሰው የለም!"

እማዬ አባበለችው። አባዬ በቁጣ ሞከረ። ሚጣ መጥታ አጠገቡ ቆመች። በመጨረሻ ማሙሽ ያለ የሌለ ኃይሉን አወጣ። "ከነካችሁት እስከሚመጣው ፍልሰታ ድረስ ነው የምጾመው!" አንድ ሰዓት መጾም የማይችል ልጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን እንባው የምር ነው። ቀድማ የተሸነፈችው እቴቴ ናት። "ልጅ ያለቀሰበት ዶሮ አይጥምም፣ ተዉት" አለች። አባዬም ራሱን አከክ አከክ አድርጎ "ለመብራቱም ቢሆን ይጠቅመናል" አለ። ሌላ ዶሮ ይገዛ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ እማዬ ጋ ወደቀ። "ግቢዬ ዶሮ አስሬ ዶሮ ልገዛ? ሰው ምን ይለኛል!"

እንዲህ ሆኖ ጾም የሚፈታበት ቀን ያለ ዶሮ ነጋ። እቴቴ ስትመጣ ጀምሮ የተመኘችው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ነው፣ ቀኑም 16 ነው። በጠዋት ጀልባ ተሳፈርን። የሕይወት አድን ጃኬቱን ስናለብሳት ዝም አለች፣ ሞተሩ ሲነሣ እጄን ጨበጠች፣ ከዚያ ዘጌ እስክንደርስ የሚሰማው ውዳሴ ማርያም ብቻ ነው። ዓይኗን የገለጠችው አንዴ ነው፣ ክብራንን ስናልፍ። ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን አባዬ ሲነግራት "ጎረቤቱስ?" አለች። ጎረቤቱ እንጦስ የሴት መነኮሳት ናት። "ጥሩ ነው" ብላ ጨፈነች።

ዘጌ ላይ ግን ጉልበቷ ታደሰ። ከወደቡ ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥር ቡና፣ ከእግር በታች ረጥቦ የሚያዳልጥ ድንጋይ። እቴቴ ሁሉንም እየዳሰሰች ሄደች። ግራ ቀኝ አየችና "እርሻው የታለ?" አለች። የለም። ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቆራርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል፤ ሕዝቡም ሳያርስ በእነዚህ ይኖራል። እቴቴ ይህን ለማመን ሁለት የመንደሩን ሴቶች ጠየቀች። አንዷ እንዲያውም ጌሾዋን አሳየቻት። በሬ የማይጠመድበት አገር እንዳለ ሰከላ ላይ ብትናገር ማን ያምናታል? "ፎቶ አንሺልኝ" አለችኝ። ፎቶው ላይ ያለችው እሷ ሳትሆን መሬቱ ነው።

የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ሚጣ በላዔ ሰብእ ፊት ቆማ ቀረች። እማዬ ታሪኩን በሹክሹክታ ነገረቻት፤ 78 ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኻ ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ምሕረት ማግኘቱን። ሚጣ በጣም አሰበች። ከዚያ ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ፣

"እሱ 78 ሰው በልቶ ከተማረ፣ አባባ ዓሣ በልቶ አይማርም?"

እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች የመሰላቸው አንዲት መነኩሲት መጥተው አጽናኗት።

ስንመለስ ረፍዷል፣ ረኀብ ደግሞ ይዞናል። ቤት ዶሮ የለም። ከጀልባው እንደወረድን የተጠበሰ ዓሣ ሽታ አፍንጫችንን መታው። አባዬ ማንንም አላየም፣ ወደ ሰማይ ነው ያየው። ሐሳቡን ያመጣችው እቴቴ ናት።

"ዛሬ ጾም ተፈቷል አይደል?"

"ተፈቷል።"

"እንግዲያው ዓሣ እንብላ።"

ቆሮሶዎቹ ሙሉ ለሙሉ ተጠብሰው መጡ፣ ጎናቸው በቢላዋ ተተልትሎ፣ ዳር ዳሩ ቀይ ሆኖ፣ ከእንጀራ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። እቴቴ አማተበች። ከሆዱ በኩል አንድ ቁራሽ ላጠች፣ እሾሁን በጣቷ ለየች፣ በእንጀራ ጠቀለለች፣ መጀመሪያ ለማሙሽ አጎረሰች። ከዚያ ራሷ ጎረሰች። አላመጠች። "ሥጋ ነው ብያችሁ ነበር፣ ይኸው ጾሜን በሥጋ ፈታሁ" አለች። እማዬም በላች። ሳይለይ መጥበሻ፣ ሳይለይ ማንኪያ።

አባዬ ግን እጁን አልዘረጋም።

"ምነው?" አልነው።

"እኔ ጾሜን መፍታት አለብኝ" አለ።

"ይኸው ፍታ!"

"በዓሣ? ዓሣ የጾም ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ተከራክሬ? በዚህ ፈታሁ ብል አንቱ ነገ ምን ይሉኛል?"

እቴቴ ትን አላት። ውሃ ሰጠናት፣ ጀርባዋን መታናት፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። አባዬ ኮስተር እንዳለ ተነሣ። ሥጋ ቤቱ መንገዱን ተሻግሮ ነው። "ግማሽ ኪሎ ቁርጥ አስመዝኜ እመጣለሁ" ብሎ ሁለት እርምጃ እንደሄደ እቴቴ ጠራችው።

"አንተ! ግማሽ ኪሎ ለማን ይበቃል? አንድ ኪሎ አድርገው!"